ከትረቫን ሸንተረር እስከ ክለቡ ማዕድ፦ የኦግዌን ሸለቆ የጉዞ ማስታወሻ

ዓርብ

የተራራ ክለባችን ዓመታዊ የአብሮነት ጉዞ በግንቦት ወር መጨረሻ፣ በሰሜን ዌልስ በሚገኘው በኦግዌን ሸለቆ ይካሄዳል። ክለቡ በማንቸስተርና በአካባቢዋ የሚኖሩ፣ ገመድ ታጥቀው ቋጥኝ የሚወጡና በእግራቸው ከተራራ ተራራ መጓዝ የሚወዱ ሰዎች በአንድነት የሚያስተዳድሩት ማኅበር ነው። በሌላው ጊዜ ሁሉም እንደ ጉልበቱና እንደ ምርጫው ተከፋፍሎ ይወጣል፤ ቋጥኝ ወጪዎቹ ወደ ገደላቸው፣ እግረኞቹም ወደ ረጃጅሙ መንገዳቸው ይሄዳሉ። ጉልበታቸው የደከመ አረጋውያንና ገና በቅርቡ የተመዘገቡ ወጣቶች በአንድ ጣሪያ ሥር አድረው ከአንድ ድስት የሚበሉት ግን በዚህ ጉዞ ብቻ ስለሆነ፣ እኔ ከክለቡ መርሐ ግብር ሁሉ አስበልጬ የምጠብቀው ይህንኑ ነው። ሰው በገደል ላይ ሕይወቱን በገመድ ጫፍ ላለ ሌላ ሰው አደራ ሲሰጥ፣ ያንን ሰው አስቀድሞ በማዕድ ማወቁ ትንሽ ነገር አይደለም ብዬ አምናለሁ። (በዚህ ማስታወሻ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሥራ ሰዓት በኋላ በመኪና ተነሣን። አብራኝ የተሳፈረችው በቅርቡ ክለቡን የተቀላቀለች፣ ወላጆቿ ከጎንደር የመጡ፣ እርሷ ግን እዚያው ማንቸስተር ተወልዳ ያደገች ነርስ ነበረች። ቤት ውስጥ የተማረችውን አማርኛ አጥርታ ትናገራለች፤ እኔንም ገና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ “ጋሼ” ነው የምትለኝ። የስሜን ተራሮችን በፎቶግራፍ ብቻ እንደምታውቃቸው፣ ተራራ መውጣት ያማራትም አባቷ ስለ ደጋው ሲያወሩ እየሰማች በማደጓ እንደሆነ በመንገድ ላይ አጫወተችኝ።

ቼስተርን ካለፍን በኋላ መንገዱ ባሕሩን በቀኝ ይዞ ወደ ምዕራብ ይዘልቃል። በ13ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ ያሠራው የኮንዊ ግንብ ከወንዙ ማዶ ሲታየን ወደ ደቡብ ታጠፍንና ሸለቆውን ተከትለን ቤቱስ ኧ ኮይድ ከምትባለው ትንሽ ከተማ ደረስን። ከዚያ ወዲያ የያዝነው መንገድ መሐንዲሱ ቶማስ ቴልፎርድ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ለንደንን ከሆሊሄድ ወደብ ጋር ለማገናኘት የሠራው ነው። ወደ አየርላንድ የሚሻገረውን ፖስታ የጫኑ ሠረገላዎች የሚጎትቱ ፈረሶች እንዳይደክሙ ዳገቱን አለዝቦ ስለቀየሰው፣ ዛሬም መኪና በእነዚያ ተራሮች መካከል ሳይጨነቅ ያልፋል። ካፔል ኪሪግን አልፈን ጥቂት እንደ ሄድን ትረቫን የተባለው ተራራ በስተግራ፣ ከጎረቤቶቹ ተነጥሎ፣ ግራጫ ድንጋዩን ከሥር እስከ ጫፍ ገልጦ ታየን። ልጅቱ አንገቷን በመስኮት አውጥታ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው እንጂ ምንም አልተናገረችም።

ያረፍንበት ቤት ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ፣ ጣሪያው ደግሞ ስሌት የሚባለው ስስ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ ከሸለቆው በታች ቤተዝዳ ከተባለችው ከተማ አጠገብ ካለው ከፔንሪን የድንጋይ ማውጫ ለብዙ ዘመን ሲወጣ የኖረ ነው፤ በዚያ ሥፍራ ከ1900 እስከ 1903 የተካሄደው የሥራ ማቆም አድማ በብሪታንያ የሠራተኞች ታሪክ ውስጥ ከረጃጅሞቹ አንዱ ሲሆን፣ አድማውን በሰበሩትና ባልሰበሩት ቤተሰቦች መካከል የቀረው ቂም ለትውልድ መሻገሩ ይነገራል። በ2021 ደግሞ የሰሜን ምዕራብ ዌልስ የስሌት ማውጫ ሥፍራዎች በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ጣሪያችንን ቀና ብዬ ሳይ የእነዚያ ሠራተኞች ድካም ይታሰበኛል።

ቤቱ ሆቴል አይደለም። ተደራራቢ የእንጨት አልጋዎች፣ አንድ ትልቅ ወጥ ቤት፣ ረጅም ገበታ፣ የድንጋይ ከሰል ምድጃና እርጥብ ልብስ የሚሰቀልበት ማድረቂያ ክፍል አለው፤ ጠባቂም ሆነ አስተናጋጅ የለውም። ከበሩ አጠገብ በተሰቀለው ሰሌዳ ላይ ሻይ የሚያፈላው፣ ከሰል የሚያመጣው፣ የሚጠርገውና ሳህን የሚያጥበው ሰው በተራ ተጽፏል። የክለቡ ሊቀ መንበር ስም ከመጸዳጃ ቤት ጽዳት ጎን ሰፍሮ ነበር፤ በዚህ ክለብ ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ከእራት በኋላ በገበታው ላይ ካርታ ተዘረጋና የነገው ጉዞ ተወሰነ። የአየር ትንበያው ሌሊት ዝናብ እንደሚኖር፣ ጠዋት ላይ እንደሚያባራ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ደመናው ዝቅ ብሎ ነፋሱ እንደሚበረታ ይናገር ነበር። አንዱ ቡድን በሰሜን በኩል ያሉትን ሰፋፊ የካርኔዳይ ተራሮች ሊዞር፣ ሌላው ቋጥኙ ከደረቀ ገመድ ይዞ ወደ ኢድዋል ዓለቶች ሊሄድ፣ እኛ ደግሞ በትረቫን ሰሜናዊ ሸንተረር ልንወጣ ተስማማን። ጉልበታቸው ለዳገት የማይፈቅድላቸው አንጋፋ አባላት ወደ ፔን ኧ ግሪድ ሆቴል ሄደው ሻይ ሊጠጡ ቀጠሮ ያዙ፤ በ1953 ኤቨረስትን ለመጀመሪያ ጊዜ ድል ያደረገው የብሪታንያ ቡድን ልምምድ ሲያደርግ ያረፈበት ሆቴል ሲሆን፣ የተራራ ወጪዎቹ ፊርማ እስከ ዛሬ በጣሪያው ላይ ይታያል።

ካርታው ከመታጠፉ በፊት ከአንጋፋዎቹ አንዱ ከኪሳቸው አንድ ነገር አውጥተው ለአዲሶቹ አባላት አሳዩ። ስድስት ማዕዘን ያለው፣ እንደ ማንኛውም የማሽን ብሎን ማሰሪያ ያለ የብረት ዳዶ ነበር፤ የውስጥ ጥርሱ ግን በሞረድ ተልጎ ለስልሷል፤ በቀዳዳው በኩል በዕድሜ የጠቆረ አጭር ገመድ አልፎ ተቋጥሯል። በእንግሊዝና በዌልስ ቋጥኝ ወጪዎች ዓለት ላይ ምስማር መምታትን ስለማይወዱ፣ የቀድሞዎቹ ጠጠር በኪሳቸው ይዘው በስንጥቅ ውስጥ እየሸጎጡ ገመድ ያሥሩበት ነበር፤ በ1950ዎቹና ከዚያም በኋላ ደግሞ ከባቡር ሐዲድ ዳር የለቀሙትን ዳዶ ጥርሱን አልገው በጠጠሩ ፋንታ ይጠቀሙበት ጀመር። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጡት የአሉሚኒየም መሸጎጫዎች ሁሉ የዚያ ልጆች ናቸው። ኋለኛው ሰው ሲወጣ እየነቀለ ስለሚሄድ ዓለቱ ላይ አንዳች አይቀርም። ዳዶው ከእጅ ወደ እጅ ዞረና ነርሷ ዘንድ ሲደርስ፣ ጣቷን በውስጡ አዙራ የተላገውን ገጽ ዳሰሰችና “ጥርሱ ገመዱን እንዳይቆርጠው ነው?” ብላ ጠየቀች። አዛውንቱ በደስታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቅዳሜ

ትረቫን ከባሕር ጠለል በላይ 917 ሜትር ብቻ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ መመሥረቷን የሚያውቅ አንባቢ ይህን ቁጥር ሲያይ ተራራ ለማለት ይከብደው ይሆናል። የዚህ አገር ተራራ ግን በቁመቱ አይለካም። ሰዎቹ የሚነሡት ከባሕር ብዙም ከማይርቅ ከፍታ ላይ ሲሆን፣ በኬክሮስ ወደ ሰሜን የራቀ በመሆኑ ግንቦት ላይ እንኳ ጫፉ ላይ ያለው ነፋስ እጅ ያደነዝዛል፤ ከአየርላንድ ባሕር የሚመጣው እርጥበት በተራሮቹ ላይ ሲሰበር በደቂቃዎች ውስጥ መንገድ ይጠፋል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በበረዶ ዘመን የበረዶ ግግር የጠረባቸው ገደሎች ቀጥ ያሉ ናቸው። በብርድና በእርጥበት የደከመ ሰው 900 ሜትር ላይም ሕይወቱን ሊያጣ እንደሚችል እዚህ ያለ ሁሉ ያውቃል።

መሪያችን ክለቡን በ1970ዎቹ የተቀላቀሉ፣ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት መምህርት ናቸው። ከኦግዌን ሐይቅ ዳር ተነሥተን ዳገቱን ስንጀምር የሄዱበት ርምጃ እጅግ ዝግ ያለ ነበር። ከወጣቶቹ አንዱ ቀድሞ ለመሄድ ሲቁነጠነጥ እንዳዩ ምንም አላሉትም፤ ነገር ግን ከአንድ ሰዓት በኋላ እርሱ ሲያለከልክ እርሳቸው በዚያው ርምጃ ታሪክ እያወሩ ይወጡ ነበር። የታችኛው ዳገት ሔዘር በሚባለው ቁጥቋጦ የተሸፈነ ነው። ይህ ቁጥቋጦ በስሜንና በባሌ ከጫካው በላይ ለሚበቅለው ለአስታ የቅርብ ዘመድ ነው፤ እዚህ ግን ከጉልበት አይበልጥም። ጎንበስ ብዬ ቅጠሉን ለልጅቱ ሳሳያት “አባዬ የሚሉት አስታ ይሄ ነው?” አለችኝ፤ ዘመዱ መሆኑን ነግሬያት ጉዞውን ቀጠልን።

ከቁጥቋጦው በላይ ድንጋዩ ይጀምራል። የሸንተረሩ ዓለት ከ450 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ፣ ሻካራና ጠንካራ፣ እዚህም እዚያም ነጭ የኳርትዝ መስመር ያለበት ነው። ትረቫን እጅ ሳይነካ የማይወጣ ተራራ እየተባለ ይነገርለታል፤ እውነትም ከዚህ በኋላ መንገዱ በእጅም በእግርም የሚሄዱበት ነው። መሪያችን ሁላችንንም አቁመው ደንቡን ነገሩን። ከሁለቱ እጆችና ከሁለቱ እግሮች ሦስቱ ሁልጊዜ ዓለቱን ይያዙ፤ ድንጋይ ከመጨበጣችሁ በፊት በመዳፋችሁ መታ መታ አድርጉና ድምፁን ስሙ፤ ባዶ የሚያስተጋባ ከሆነ ተዉት፤ ጠጠር ካመለጣችሁ ሳታፍሩ ጩኹ፤ ከሰው በታች በቀጥታ አትቁሙ። ሁላችንም ራስ መከላከያ ደፋን። ገመዱ በመሪያችን ቦርሳ ውስጥ ነበረ፤ ካልተፈለገ አይወጣም፤ ከተፈለገ ግን ማንም አያፍርበትም ተብሎ አስቀድሞ ተነግሮናል።

ስለዚህ ሸንተረር ማለት የሚገባኝ አንድ ነገር፣ ሰውን የሚፈትነው በርዝመቱ ሳይሆን በምርጫው መሆኑ ነው። አንድ ብቻ የሆነ መንገድ የለውም። በግራ በኩል የተወለወለ እርከን ይታያል፤ ብዙ ሰው ስለረገጠው ደህና ይመስላል፤ ነገር ግን አምስት ርምጃ ካለፈ በኋላ ከምሥራቁ ገደል አፋፍ ላይ ያቆማል። በቀኝ በኩል ደግሞ አስፈሪ የሚመስል ቀጥ ያለ ስንጥቅ አለ፤ ወደ ውስጡ የገባ ሰው እግሩ እንደ ደረጃ የተደራረበ ድንጋይ ያገኛል። መሪያችን እኛ ራሳችን እንድንመርጥ ያደርጉና፣ ከመርገጣችን በፊት ለምን እንደመረጥነው ይጠይቁናል። ከአንዱ ስንጥቅ ሥር ልጅቱ ቀኝ እጇን ከፍ አድርጋ ጨብጣ፣ ግራ እግሯን የምታሳርፍበት አጥታ ቆመች።

“ጋሼ፣ እግሬን የት ላድርገው?” አለችኝ።

“ወደ ታች እዪ እንጂ ወደ ላይ አትዪ። ከጉልበትሽ በስተግራ ትንሽ ነጭ መስመር ያለችበት እርከን አለች።”

አየቻት። ጫማዋን በጎኑ አሳረፈች፤ ክብደቷን ቀስ ብላ አዛወረች፤ ከዚያም ቆማ ሳቀች። በዚያች ቅጽበት የታየኝ ነገር፣ ትናንት በገበታ ላይ ዳዶውን ስትዳስስ የነበሩት ጣቶች ዛሬ ዓለቱንም በዚያው ጥንቃቄ ሲዳስሱት ነው። ከላይ ያሉት መሪያችን ምክሬን ሰምተው ስለነበር ምንም አልጨመሩም፤ በእንግሊዝኛ “ደህና ነሽ፤ ጊዜሽን ውሰጂ” ብቻ አሏት። ከዚያ በኋላ እግሯን የምታሳርፍበትን ማንንም ሳትጠይቅ ወጣች።

መድፍ ተብሎ የሚጠራው፣ ከሸንተረሩ ወደ ሰማይ አዘንብሎ የወጣ ረጅም ድንጋይ ከመንገዱ ሆኖም ይታያል፤ ሰዎች ፎቶግራፍ ለመነሣት ተራ ይጠብቁበት ስለነበር አልቆየንበትም። ከዚያ በላይ ባለ ጠባብ መተላለፊያ ላይ የደረሰን ሌላ ቡድን ከኋላችን ሊቀድመን ፈለገና መሪያችን ጥግ አስይዘውን አሳለፉት። መቸኮል ያለበት ሰው ከፊት ይሁን እንጂ ከኋላ ሆኖ አይግፋን አሉ። ብዙ የአደጋ ታሪክ ስሰማ የችኮላን ድርሻ ስለማውቅ፣ ይህን ውሳኔያቸውን ከሌላው ሁሉ አከበርኩት።

ጫፉ ላይ ሁለት ቀጥ ያሉ ድንጋዮች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አዳምና ሔዋን ይባላሉ። ቁመታቸው ከሰው ይበልጣል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ዘልሎ የተሻገረ ሰው የትረቫን ነጻነት ተሰጠው የሚባል የቆየ ልማድ አለ። ክፍተቱ ራሱ ረጅም አይደለም፤ አስፈሪው ከምሥራቅ ያለው ገደልና የማረፊያው ጥበት ነው። የሌሊቱ ዝናብ ገና አልደረቀም ነበርና መሪያችን ወጥተው የሔዋንን ራስ በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ ወርደውም “ድንጋዩ ያዳልጣል፤ ዛሬ ከእኛ የሚዘል የለም” አሉ። ቀድሞ ሲቁነጠነጥ የነበረው ወጣት ቅር ቢለውም አልተከራከረም። ክለብ ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ አምስት ሰው ለብቻው ቢመጣ ኖሮ አንዱ መዝለሉ አይቀርም ነበር።

ወደ ባሕሩ በኩል የአንግልሲ ደሴት ጠፍጣፋ ሆና ትታያለች፤ በደቡብ ምዕራብ ደግሞ የዌልስ ረጅሙ ተራራ ስኖውደን፣ 1,085 ሜትሩን ደመና ሸፍኖት ነበር። ምሳችንን ከነፋስ ተጠልለን በላን። በመጀመሪያ ያሰብነው በደቡብ በኩል ወርደን 994 ሜትር ወዳለው ወደ ግሊደር ቫክ ለመቀጠል ነበር፤ ነገር ግን በሁለቱ መካከል ካለው የተራራ በር ስንደርስ ትንበያው የተናገረው ደመና መጥቶ የፊታችንን ሸንተረር ዋጠው። ማንም ቅሬታ ሳያሰማ በቦህልዊድ ሐይቅ በኩል ወደ ሸለቆው ወረድን።

በመውረጃው መንገድ መሪያችን ለአዲሶቹ አባላት ፉጨቱን አስተማሩ። ተራራ ላይ የተቸገረ ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ በፊሽካ ይነፋል፤ አንድ ደቂቃ አርፎ ይደግማል፤ የሰማው ሰው ሦስት ጊዜ በመንፋት ይመልሳል። በእጅ ስልክ ከሆነ 999 ደውሎ ፖሊስን፣ ቀጥሎም የተራራ ነፍስ አድንን መጠየቅ ነው። በዚህ ሸለቆ የሚያገለግለው የኦግዌን ሸለቆ የተራራ ነፍስ አድን ድርጅት በ1965 የተመሠረተ ሲሆን፣ አባላቱ ደመወዝ የማይከፈላቸው፣ ከእራታቸውም ከእንቅልፋቸውም ተነሥተው የሚወጡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ከተረዳውም ሰው ገንዘብ አይጠይቁም። በየዓመቱ በዚህ ጉዞ ለእነርሱ መዋጮ የምንሰበስበው ስለዚህ ነው።

ማታ ላይ የወጥ ቤቱ መስኮቶች በእንፋሎት ተሸፍነው ነበር። እራት የሚሠራው በክፍፍል ነው፤ አንዱ የዌልስ በግ ጠብሷል፤ ሌሎች ሾርባና ዳቦ አዘጋጅተዋል። ሥጋ የማይበሉ አባላት ብዙ ስለሆኑ የእኔና የነርሷ ድርሻ ምስር ወጥ ነበር። ሽንኩርቱን እኔ ከተፍኩ፤ ቁሌቱን እርሷ ያዘች፤ በርበሬው ከእናቷ ቤት የመጣ ነበር። የሰፊው ድስት ሽታ ማድረቂያው ክፍል ድረስ ሲደርስ ሰዎች እርጥብ ካልሲያቸውን እንደያዙ እየመጡ ክዳኑን ይከፍቱ ጀመር። ከማንቸስተር የገዛነው እንጀራ ለሁሉም ስላልበቃ ግማሹ ሰው ምስሩን በዳቦ በላው፤ ድስቱ ግን ተጠረገ።

ከእራቱ በኋላ ሊቀ መንበሩ ተነሡ፤ ሁላችንም ቆመን በዓመቱ ውስጥ ያረፉትን አባላት ስማቸውን እየጠሩ አሰብን። ቀጥሎ የክለቡ ታሪክ ተወራ። የማንቸስተር ሰው የተራራ ፍቅሩን በቀላሉ አላገኘውም። ባለርስቶች ለወፍ አደን የከለሉትን ኪንደር ስካውት የተባለ ተራራ፣ በሚያዝያ ወር 1932 በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ ወጣት ሠራተኞች የሆኑ እግረኞች ያለ ፈቃድ ወጡት፤ ከእነርሱም አምስቱ እስር ተፈረደባቸው። የብሔራዊ ፓርኮች ሕግ በ1949 ወጣ፤ ይህ ሸለቆ የሚገኝበት የኤረሪ ፓርክ በ1951 ተቋቋመ፤ በእንግሊዝና በዌልስ በተራራና በገላጣ መሬት ላይ በእግር የመሄድ መብት ግን በሕግ የተረጋገጠው በ2000 ነው። ከአዛውንቶቹ አንዷ አባታቸው በዚያ ቀን ከወጡት መካከል እንደነበሩ ሲናገሩ ቤቱ ጸጥ ብሎ አዳመጠ። ወጣቶቹ ዛሬ ሳያስቡበት የሚረግጡት መንገድ በእስራት የተከፈለበት መሆኑን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከልጃቸው አፍ መስማታቸው፣ ከማንኛውም ንግግር የበለጠ ዋጋ ያለው ይመስለኛል። ዘፈኑና ጭፈራው እስከ እኩለ ሌሊት ቆየ።

እሑድ

ሰማዩ ጠርቶ፣ ቋጥኙን የሚያደርቅ ለስላሳ ነፋስ ይነፍስ ነበር። ከቁርስ በኋላ ሁላችንም፣ ትናንት ሻይ ለመጠጣት የሄዱት አንጋፋዎች ጭምር፣ በድንጋይ በተነጠፈው መንገድ ወደ ኩም ኢድዋል ሄድን። መንገዱ አጭርና ለስላሳ ስለሆነ ለእሑድ የሚመረጠው ሁልጊዜ እርሱ ነው።

ኩም ኢድዋል በገደል የተከበበ ሰሃን መሰል ሥፍራ ሲሆን መካከሉን ሐይቅ ይዟል። በ1954 የዌልስ የመጀመሪያው ብሔራዊ የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ታወጀ። ቻርልስ ዳርዊን በ1831 ከጂኦሎጂ ሊቁ ከአዳም ሴጅዊክ ጋር እዚህ መጥቶ በዓለቱ ውስጥ የባሕር እንስሳት ቅሪት ሲፈልግ ውሎ ነበር፤ በዙሪያው የተበተኑትን የተፋቁ ቋጥኞችና የበረዶ ግግር የከመራቸውን የአፈር ጉብታዎች ግን ሁለቱም ልብ አላሏቸውም። በ1842 ዳርዊን ተመልሶ ሲመጣ ሁሉንም አነበበ፤ ቀድሞ እንዴት ሳያየው እንዳለፈም እስኪገርመው ድረስ። ሐይቁ ዳር ካሉት ቋጥኞች በአንዱ ላይ በረዶው በጎተተው ጠጠር የተጫረውን መስመር ጣታችንን እያስኬድን ተከተልነው። የሰው እጅ ያሰመረው ያህል ቀጥ ያለ ነው።

ቋጥኝ ወጪዎቹ የኢድዋል ጠፍጣፋ ዓለቶች በሚባሉት ሥር ገመዳቸውን ፈቱ። እነዚህ ዓለቶች ወደ ኋላ የተንጋለሉ ሰፋፊ ገበታዎች ስለሆኑ ጀማሪ ይለማመድባቸዋል፤ መንገዶቹ እምነት፣ ተስፋና ፍቅር የሚል የቅዱስ ጳውሎስን ቃል የሚያስታውስ ስም ተሰጥቷቸዋል። ተስፋ የተባለውን መንገድ በ1915 ለመጀመሪያ ጊዜ መርታ የወጣችው ሴት ነበረች፤ ሴቶች ከገመዱ ፊት ሆነው መምራታቸው እንደ ነውር በሚታይበት ዘመን። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1921፣ ሴቶች ብቻ የሚያስተዳድሩት የተራራ ክለብ በዚሁ አውራጃ ተመሠረተ፤ እስከ ዛሬም አለ። መሪያችን ይህን የነገሩን የነርሷን መታጠቂያ እያጠበቁ ነበር። ልጅቱ የስምንት ቁጥር ቋጠሮውን ራሷ ቋጠረች፤ አዛውንቷ ክር በክር ተከትለው መረመሩላት፤ ከዚያም የራሳቸውን ቋጠሮ እንድትመረምርላቸው ወደ እርሷ ዞሩ። የብዙ ዓመት ልምድ ያለው ሰው ቋጠሮውን በጀማሪ ሲያስመረምር ማየት ደስ ያሰኛል፤ ይህ ትሕትና ለማስመሰል የሚደረግ ሳይሆን ሰው ሁሉ ሊስት ስለሚችል የተደነገገ ሥርዓት ነው። ነርሷ እስከ ሁለተኛው ማረፊያ ተከትላቸው ወጣች፤ እግረ መንገዷንም መሪያችን የሸጎጧቸውን ብረቶች አንድ በአንድ ነቅላ ወገቧ ላይ እያንጠለጠለች ነበር።

እኛ ደግሞ ከሐይቁ በላይ፣ ደመና እንደ ጭስ ሲወጣበት ስለሚታይ የሰይጣን ወጥ ቤት ተብሎ ወደሚጠራው ጨለማ ስንጥቅ አቅጣጫ ቀስ ብለን ወጣን። በእርጥበቱ ገደል ላይ የስኖውደን አበባ የሚባለው ትንሽ ነጭ አበባ ይበቅላል። ከበረዶ ዘመን የተረፈ ተክል ሲሆን በመላው ብሪታንያ የሚገኘው በእነዚህ ተራሮች ብቻ ነው፤ ወቅቱም የሚያብብበት ስለነበር አንድ አባላችን በሩቅ ማያ መነጽር አገኙልን። ወደ ገደሉ መቅረብ አላስፈለገም፤ መቅረብም አይገባም። የእኛው ጅብራ በስሜን ጫፍ ላይ እንደቀረ ሁሉ፣ ይህም ዓለም እየሞቀች ስትሄድ ከዚህ ከፍ ብሎ የሚሸሽበት ቦታ የለውም። በ1990ዎቹ መጨረሻ በጎች ከሥፍራው እንዲወጡ ከተደረገ ወዲህ ቁጥቋጦውና ዛፉ በገደሉ ሥር እያቆጠቆጠ መሆኑን ከቀድሞ ጀምሮ የሚያውቁት ሁሉ ይመሰክራሉ።

ከሰዓት በኋላ የሥራ ጊዜ ነበር። ከቤቱ ጀርባ ያለው የውኃ መውረጃ በቅጠልና በጭቃ ተደፍኖ ስለነበር አካፋ የያዙት እርሱን ጠረጉ፤ ሌሎች ፍራሾቹን አራገፉ፤ አመድ አወጡ፤ ማድረቂያውን አጠቡ። ሒሳቡ በገበታው ላይ ተሠርቶ የእያንዳንዱ ድርሻ ተነገረ፤ ለነፍስ አድን ድርጅቱ የተሰበሰበው መዋጮም ለብቻው ታሸገ። ለመጸው ወር የታሰበው የመስኮት ቀለም ቅብ ሥራ ፈቃደኞች ሲጠየቁ፣ ነርሷ ስሟን ከመሪያችን ስም ሥር ጻፈችና “ጋሼ፣ አንተም ትመጣለህ አይደል?” ብላ እስክሪብቶውን ሰጠችኝ። ጻፍኩ። የሚቀጥለው ዓመት ጉዞ ቀን በዚያው ተቆርጦ፣ ቤቱን አስቀድሞ የሚያስይዘው ሰው ተመርጦ፣ ቁልፉ ለኃላፊው ተመለሰና መኪኖቹ ወደ ቤቱስ ኧ ኮይድ አቅጣጫ ተከታትለው ወጡ።